ቆሞ ቀር

በኮርንዌል ጠረፍ፣ በሎርድ ትሬሊስ ቤት፣
ሠላሳ አንድ ነበር የግድግዳው ሰዓት።
ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ የሚሞላው ጄጎ፣
ይገባል በጓሮ ጫማውን ጠራርጎ።

ሆኖሪያ አየችው ከደረጃው አናት፤
በማግስቱ ቆመ የሳሎኑ ሰዓት።
ቅዳሜ የእልፍኙ፣ ሰኞ የመኝታው፤
በፀጉር መርፌ ነው ጥርሱን የምትፈታው።
«እርጥበት ነው» አለ ሎርዱ ተበሳጭቶ።
ጄጎ ከሰዓቱ ሆድ መርፌዋን አግኝቶ፣
ኪሱ ከተተና፣ «ችግሩ ከባድ ነው፣
በየቀኑ ልምጣ» ብሎ አስፈቀደው።

ባሮን ክሪቨን መጣ፣ ሽቶ ውስጥ ተነክሮ፣
እሷን ሊያጭ አስቦ፣ ለራት ተቀጥሮ።
አሳላፊው አየ፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤
«ገና ነው፣ ጌታዬ» ብሎ በሩን ዘጋው።
ዝናቡ ሲመታው የዊጉ ዱቄት፣
ሊጥ ሆኖ ፈሰሰ ካናቱ እስከ ደረት።

ሎርዱ ፀጉሩን ነጨ፦ «ሰዓቱ ቆሞ ቀር፣
ልጄም ቆማ ልትቀር፤ ወይ የኔ ነገር!»
«አይዞህ» አለች ልጁ፣ «እኔ መች ቆምኩና፣
ልቤን ጄጎ ሞልቶት ይመታል በጤና።»

ሠርጉ ሐሙስ ሆነ። ቄሱ ግን ዘገየ፤
የደብሩ ሰዓት ጧት ላይ ቆሞ ታየ።
ሁሉም ወደሷ ዞረ። ሎርዱን ሳል ሲያጣድፈው፣
ከእጅጌው ጠብ አለ ያው የፀጉር መርፌው።