ሳህን ያልሆነው ሁሉ

ቧንቧ ውሃ ይሉታል ሰፈሩን፤
ቧንቧው ግን ሲያሻው ነው የሚያስነጥስ፣
ማክሰኞና ዓርብ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ
የጓዳውን መስኮት ተደግፎ፣ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲደርስ።

በዚያ ሰዓት እኔና ማሽኗ ብቻ ነን።
የሠርገኛው ሳህን አልቋል፣
ብርጭቆው አፉን ደፍቶ ተደርድሯል።
አሥራ አንድ ዓመት በእጄ አጥቤ፣ ጣቴ በበረኪና ተልጦ፣
ዛሬ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ክንዴ እንደ እመቤት ተቀምጦ።

መጀመሪያ ይመር መጣ፣ ዘበኛው፣
ከጋቢው ሥር ባትሪውን አውጥቶ፦
«ጦይብዬ፣ መስታወቱን ብቻ፣ በሞቴ።»
አጠብኩለት።
በማግስቱ፣ በሩን ላበራ ብዬ ጦሳን አበራሁት ብሎ ማለ።

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ፤
በጓሮ በር፣ በፌስታል፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ።
እንጉዳይ የፀጉር ቤቷን ማበጠሪያ፣
ከነአምስት ሙሽራ ፀጉሩ፤
የእግር ኳሱ በረኛ ኡመር የቅልጥም መከላከያውን፣
(ሽታውን አልናገርም፣ ወላሂ፣ ይቅር)፤
የዙበይዳ ልጅ ጎማ የሌለው መኪናውን፤
አንዱ የአምፖል ክዳን፣ የዝንብ መቃብር፤
አንዱ የውሻውን ጣባ፣ «ይኸ እኮ ሳህን ነው» ብሎ የሚሟገት።
አንዷ ደግሞ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣
ሃያ ዓመት ሳሎን ቆማ አቧራ የጠጣች፤
ቀይ መሆኗን ያወቅነው
ያን ሌሊት በእንፋሎት መሐል ስትወጣ ነው።

እንጨት ግን አልቀበልም።
ሼህ ቡሽራ የወይራ መቁጠሪያቸውን ቢልኩ፣
«ይሰነጠቃል፣ ያባ፤ ይኸ በእጅ ነው» ብዬ መለስኩ።

አንድ ጠዋት እንግዳው ሻዩን ሲያማስል
ከፍንጃሉ ሥር የአሻንጉሊት ክንድ አገኘ።
አቶ ሽመክት ጠሩኝ፤ ክንዷን በሶፍት ይዘው፦
«ይኸ ምንድን ነው?»
«እጅ መንሻ ነው፣ ጌታዬ።»
ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤
ሲመለሱ ግን ሃምሳ ብር ቀጡኝ።

የያሲንን ኮፍያ ያስገባሁት ማንም ሳይለምነኝ ነው።
ባሌ ሾፌር ነው፤ ሐረጎን ወርዶ፣ ባቲን አልፎ፣
ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ባሕሩ።
ተኝቶ ነበር። ቅርጿ እንዳይጠፋ በጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፋኋት፣
ከላይኛው መደርደሪያ።
ሰማያዊ ሆና ወጣች፤
ስድስት ዓመት ጥቁር ትመስለኝ ነበር።

ጠዋት አያትና ዝም አለ።
ግንባሯን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ።
«ጨውን ምን አደረግሽው?»
«የቱን ጨው?»
«እዚህ ጋ መስመር ነበር፣ ሰርዶ ላይ ጎማ የፈነዳብኝ ቀን።
ከሱ በላይ ጋላፊ፣ የሦስት ቀን ወረፋ።
ይኸኛው፣ ረዳቴ አበጋዝ ታሞ
ሌሊቱን እየዘፈንኩለት የነዳሁት።»
ላብ ደርቆ የጻፈውን ነው የሚቆጥርልኝ፣
በባዶ ጨርቅ ላይ።

እኔስ ምን ልበል?
ማሽኗ ማንበብ አልተማረች።
«አብሽር፣ ይመለሳል» አልኩት፤
ጨው ነው ያልኩት ወይስ እሱ፣ እኔም አላወቅሁም።
ኮፍያዋን ሳያደርግ፣ በእጁ ይዟት ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ሌሊት፣ የጓሮው በር ተንኳኳ።
ይመር ከፈተ።
ያሲን ነው፤ አቧራው ከቅንድቡ አልወረደም፤
በብብቱ አራት የጎማ ክዳን፣
ጭቃቸው የሦስት አገር።
ኮፍያዋ ራሱ ላይ ናት፤
ግንባሯ ላይ፣ ቀጭን፣ ነጭ፣ አንድ መስመር ጀምራለች።

እኔን ሳያይ ማሽኗን አያት።
«ይገባሉ?»

ለካኋቸው። ሦስቱ ገቡ።
አራተኛውን በእጄ አጠብኩት፣
ውሃው ሳይሄድ።