ጥማድ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን፣
ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምከፍተው ሱቄን።
ሁለት ክንድ መስታወት፣ አንድ ዱካ፣ አንድ አምፖል፤
ከመስታወቱ ሥር፣ ጥርሳቸው የወርቅ፣ ስንዝር የማይሞሉ ተኝተዋል።
ሰው ራም ይላቸዋል፤ እኔ በሬ እላለሁ፤
በሬ ነጋዴ ነበር አባቴ፣ ዓይኑን ወርሻለሁ።
ሰኞ ገበያ ላይ፣ በጋቢው ሥር የገዢ ጣት ጨብጦ በዝምታ ሲከራከር፣
አፍ ፈልቅቆ ጥርስ ሲቆጥር፣ ሻኛ ሲዳብስ፣ ኮቴ ሲመረምር፣
አይቼ ነው ያደግሁት።
ይኸው እኔም ጥርስ እቆጥራለሁ፤
የጠቆረውን በላጲስ አሻለሁ፦
ላጲስ፣ ተማሪ የጻፈውን የሚያጠፋበት፣
እኔ የጠፋ ትውስታ የምመልስበት።

ዘንድሮ ገበያው አብዷል።
ዓምና በስድስት ሺህ የሸጥኩት ጥማድ፣ ስምንትና ስምንት ጊጋ፣
ሃያ ሺህ ገባ፤ ያውም ማታ የጠሩት ዋጋ አይገኝም ሲነጋ።
«ምን ነካው?» ብዬ ብጠይቀው ኑርሁሴንን፣ ከኮምቦልቻ የሚያመጣልኝን፣
«ባሕር ማዶ የሚያስብ ማሽን ሠሩ፤ እሱ ነው ራሙን የጨረሰብን።»
በላው! እንደ አንበጣ፣ እንደ ክረምት ቦርከና፤
የሆጤ ልጅ ጨዋታው ይንተባተብ፣ የማሽን ሐሳብ እንዲቀና።

ገዢ የሚመጣው ማታ ነው፣ ጌም ቤት ተዘግቶ፣
ኪሱ ባዶ፣ አፉ ቁጥር ሞልቶ፦
«ሠላሳ ስድስት መቶ ነው? ሠላሳ ሁለት? ይደንሳል ቀለሙ?»
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ሲፈራረቅ በቁም ሕልም ሲያልሙ፣
«መብራቱ ፍጥነት አይጨምርም» ብዬ እመሰክራለሁ፤
«ግድ የለም» ይሉኛል። ሁለት ሺህ ጨምሬ እሸጣለሁ።
እኔ ግን ስቲከር አላምንም፤ ጥጃን ኮርማ ብለው የለጠፉበት ሞልቷል፤
ሌሊቱን ሙሉ እፈትነዋለሁ፤ መብራት ኃይል ከፈቀደ፣ ሲነጋ እውነቱ ይወጣል።

ሐሙስ ለታ ጦይብ መጣ፣ የቧንቧ ውሃው፣
ደጃፌ ላይ ቆመ፣ ጉሙ ትከሻውን እያራሰው።
አንድ ራም አወጣ። አንድ ብቻ። ያለ ጥማዱ።
«ግዛኝ» አለ፤ ዓይኖቹ ወደ ጫማው ወረዱ።
አወቅሁት። እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው፣ ለሱና ለአምሳሉ፣
ብር አዋጥተው፣ ባንድ ኮምፒውተር በተራ ሊጫወቱ እየማሉ።
«አምሳሉስ?»
«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ። ሲሄድ ድርሻውን ነቀለ።»
«ተጣላችሁ?»
ዝም አለ።
«ባንዱ አይሆንም፤ ጠላት ሲመጣ ስክሪኑ ቆሞ ይቀራል» አለኝ ቆይቶ፣
«ግን እሱ የወሰደው... የተጫወትነውን ይዞት ይሆን፣ ከውስጡ ከትቶ?»

«የለም» አልኩት። «ራም እንዲህ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይረሳል።»
ሰውስ እንዲህ ቢሆን! እላለሁ አንዳንዴ፣ ሌሊቱ ሲረዝም፣ ውሻ ሲጮህ ይሰማል፤
ያን ጥቅምት፣ ሱቄ ተሰብሮ፣ የመደርደሪያው ምስማር ሳይቀር የተነቀለው፣ አለ በዓይኔ፤
ስንቴ መብራት ጠፋ፣ ስንቴ ተመልሶ በራ፤ እሱ አልጠፋ አለ ከኔ።
ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

ዝም ብዬ ከፈትኩ መሳቢያዬን፤
ባለፈው ሰኞ ኑርሁሴን ካመጣው ልቃሚ መሐል፣
በምስማር «አ» የተጫረበትን አስቀመጥኩለት፣ «ጦ» ካለበት ጎን።
ልጁ አላለቀሰም። «ስንት ነው?» አለኝ፤
ሃያ፣ ሃያ ሁለት ሺህ በልቤ ሮጠ፤ የሱቅ ኪራዩ፣ ዕቁቡ፣ ሁሉም ተሰለፈብኝ።
ጋቢ የለኝም። የጃኬቴን እጅጌ ዘርግቼ፣
ጣቶቹን ከሥሩ ጨበጥኩ፣ አፌን ዘግቼ።
መጀመሪያ አልገባውም።
ኋላ ገባው።

ስንት ጣት እንደጨበጥኩ አልናገርም፤
የበሬ ገበያ ሕጉ ነው፤ ከገዢና ከሻጭ በቀር ሌላ አይሰማም።