ሳይሆን አይቀርም

አፉላ፣ ሰኞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል፣
ከመስኮቱ ሥር ሜዳው በጥጥ ማሳ ሲከፈል፣
ዶክተር ጀረሚ ቆሟል፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣
ከሊድስ ከመጣ ሃያ ዓመቱ፣ ዕብራይስጡ ግን ፈዞ።
ነገር ሲከብደው ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል፣
እኔም አስተርጓሚዋ እከተላለሁ፤ ልቤ ይሳሳል።

«እስካሁን ባየነው፣ እንደሚመስለኝ፣
የግድ ክፉ ነው ለማለት ብዙም ድፍረት የለኝ፤
ይሆናል ብል ይቀላል፣ አይሆንም ብል ይከብዳል፣
ውጤቱ ሲመጣ ግን፣ በመጠኑ፣ ይፈርዳል።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ስድስት ካፖርት ለብሳ፣
በአፉላ ሐምሌ ቆመች፣ ላቧን በእጇ አብሳ።

እማማ እንኳይ ተኝተዋል፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ፤
አባባ ትዛዙ አፌን ያያሉ፤ ከዚያ በር ይወጣል እንግዳ።
«ምን አለ?»
ካፖርቱን አንድ በአንድ አውልቄ፣ አጣጥፌ፣
አንዲት ቃል ቀረችኝ። «እንጃ» አለ አፌ።

«ያን ሁሉ ተናግሮ ‹እንጃ› ብቻ ነው እንዴ?
አያውቅም ማለት ነው? ምነው ታዲያ አይልም ባንዴ?»
«ያውቃል፣ አባባ። እርሻው እስከ ድንበሩ ነው፤
ከድንበሩ ወዲያ ማረስ ሌብነት የሚመስለው።»

ነርሷ ሺራን መሃል ገባች፣ «ይህየ በሴደር!» ብላ፤
«ይስተካከላል» ማለቷ ነው፤ ኪኒን ናት፣ ያለ ውሃ የምትበላ።
ሳይረን ሲጮኽ፣ ኪራይ ሲጓተት፣ ጥርስ ሲነቀል፣
ያችው ናት፤ የለም ሌላ።

አባባ ትዛዙ ሳቁ። «ይቺን ቃል ዱሮም አውቃታለሁ።
ወደ ሱዳን ስንወርድ፣ መሪያችን ‹ነገ እንደርሳለን› ሲል እሰማለሁ፤
ነገ! አበቃ! አንዱ ነገ ስንት ነገ ወለደ፤
በአስራ ሁለተኛው ነገ እህቴን አፈር ወሰደ።
አንድ ብላቴና ነበር፤ ደረቁን ወንዝ በጣቱ ጭሮ፣
‹ውሃ ያለ ይመስለኛል› አለ፣ አፍሮ፣ ተቸግሮ።
ቆፈርን።
ጠጣን።»
ከዚያ ዶክተሩን ቀና ብለው አዩት።
«ይናገር በይው» አሉ።

ማታ በአውቶቡስ ስመለስ የኛን ቃላት ቆጠርኩ።
«አሉ» እንላለን፣ ማን እንዳለ ሳንናገር።
«ሳይሆን አይቀርም» እንላለን፤
ሁለት እምቢታ፣ እንደ ሁለት አንካሳ ተደጋግፈው፣
አንዲት እሺ ቤቷ ያደርሳሉ፣ ዳገቱን አልፈው።
ከዶክተሩ በምን እንለያለን?
እሱ የሚሸፍነው ገና ያልታወቀውን፤
እኛ የምንሸፍነው ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን።
ሰው ሲሞት «ትንሽ አሞታል» ብለን፣ ሌሊቱን ሰው ሰብስበን፣
ጎህ ሲቀድ ደጅ እንቆማለን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን።

ሐሙስ ማለዳ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።
«ሌሊት ሞተች» አለ።
ምናልባት የለ፣ ይመስላል የለ፤
ያን ሁሉ ልብስ የት ጣለ?
ያን ጊዜ ብርዱ የሱ አገር ብርድ ሆኖ ዘለቀኝ።

አባባ ትዛዙ ከሊፍቱ ወጡ፣ ኮክ በፌስታል ይዘው፣
ለስላሳ ለስላሳውን በጣታቸው መዝነው።
«ደህና አደረች?»

«ደክሟቸዋል» አልኩ። «ልጆችዎን እንጥራ፣
ቄሱንም...» ወንበር ሳብኩ፤
እግሩ ወለሉ ላይ እንደ ከብት አጓራ።

አልተቀመጡም።
ፌስታሉን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ አዛወሩ፣
አፌን ዝም ብለው አዩት፣ ቆይተው ተናገሩ፦
«ልጄ፣ ሰኞ ‹እንጃ› አልሽ፤ ማክሰኞ ‹ይሆናል›፤ ትናንት ‹ይመስለኛል›።
ዛሬ ‹ደክሟቸዋል› ብቻ።

ገብቶኛል።»