የፊት ወንበር

ግራትስ፣ ምድር ቤት ውስጥ፤ ሰባ ወንበር፣ ጢም ያለ፤
ሮስቪታ ብቻዋን ናት፤ አንድ መብራት፣ የተንጠለጠለ።
አኮርዲዮኗ ሽማግሌ፣ አንዲት ቁልፉ እልኸኛ፣
አንዴ ከነኳት ወዲያ እሪ ባይ፣ የማትተኛ።

ከንቲባውን ቀዳችው፤ በሱው ቀጭን ድምፅ ዘፈነች፣
ቀበቶውን ሲያጠብቅ፣ ሆዱን ሲያቅፍ አሳየች፤
ያልተሠራ ድልድዩን በእግሯ ጣት ልትሻገር ሞክራ፣
መሐሉ ላይ ወደቀች ከአኮርዲዮኗ ጋራ።

ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው፣
ፊት ወንበር ላይ፣ እንባውን በመሐረብ የሚጠርገው፣
ራሱ ከንቲባው ነው።

አበባ ላከ፤ «ነገም» አለ፣ «ሚስቴን ይዤ ልምጣ»።
ስንት ሌሊት የሳለችው ቢላ ስንጥር ሆኖ ወጣ፣
ለጥርሱ መጎርጎሪያ።

ካፖርት ጠባቂው ኦትማር ብቻ፣ በሩ ሥር፣ አልሳቀም፤
ከዚያ ድልድይ ማዶ ነው ቤቱ፤ ሌሊት አውቶቡስ የለም።

ሮስቪታ አየችው። አኮርዲዮኗን አጥፋ ሳጥን ከተተች፤
ያቺ እልኸኛ ቁልፍ ግን ከክዳኑ ሥር እሪ አለች።