አሥራ አንድ ኮቴ

ሐሙስ ማታ ነው፣ ዱሉት ከተማ፤
ሐይቁ ግግር ሆኗል፣ ማዕበሉ አይሰማ።
በአንጋፋ ዘማቾች መኖሪያ ቤት የራት ሳህን ተነሥቷል፣
የአተር ሾርባው ሽታ ግን ከመጋረጃው ጋር ቀርቷል።
ተሽከርካሪ ወንበሮች ግማሽ ክብ ሠርተው፣
ብርድ ልብስ በጉልበት፣ መነጽር በግንባር ሰቅለው
ይጠብቃሉ።
የድሮ ራዲዮ።

ራዲዮው ራዲዮ አይደለም፤ ባዶ ሣጥን ነው ሽቦ የሌለው፤
ክላይድ ነው ከጀርባው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያለው።
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣
"እንደምን አመሻችሁ አድማጮቻችን" ይላል፣ ልክ እንደ ድሮ።

ሎርና ከጎኑ ናት፤ ሰባ ስምንት ነው ዕድሜዋ፤
ዓለም ተጠቅልላ ትገባለች ከሻንጣዋ።
ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ፈረስ ነው ሲጋልብ፤
የከረሜላ ወረቀት ሲጨማደድ፣ እሳት ነው ጎተራ ሲለበልብ፤
ዣንጥላ ከፈት ዘጋ፣ እርግብ ናት ከጣሪያ የተነሣች፤
ዘይት ያልቀመሰ ማጠፊያ፣ እመቤት ናት በሌሊት የወጣች።
ቆርቆሮም አለ፣ ነጎድጓድ የሚሆን፣
ሎርና በጨርቅ ጠቅልላ የምትደብቀው እሱን።
"እዚህ ቤት" አለችኝ አንዴ፣ "ነጎድጓድ አንጫወትም፤
እነዚህ ሰዎች ሰማይ ሲጮህ፣ ሰማይ ነው ብለው አይተኙም።"

የዛሬው ድራማ የጫካ ጠባቂ ነው፣
የጠፋ ልጅ በውርጭ ሌሊት፣ ፋኖስ ይዞ የሚፈልገው።
ትንሽ የቆዳ ከረጢት በሎርና እጅ ተያዘ፤
ውስጡ የበቆሎ ስታርች ነው፤ ጨመቀችው፤ ክፍሉ ቀዘቀዘ።

ክርሽ።
ክርሽ።
ክርሽ።
በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው።

አርቪድ ኒስካ ያኔ እጁን አነሣ፣
ስንቱን ሐሙስ ከመስኮቱ ሥር ያሳለፈ፣ ዝም ብሎ እንደ ዓሣ።
"በረዶው ትክክል ነው" አለ።
"ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።"

ክላይድ ከሣጥኑ ጀርባ አንገቱን አወጣ።
ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ "አርቪድ፣ ውኃ ላምጣ?"
"አንድ ሰው ነው የምሰማው። እኛ አሥራ አንድ ነበርን፣ ኮሪያ፣ ከተራራው በታች፤
መገናኛ ራዲዮዋ በጀርባዬ፣ ባትሪዋ በብርድ የሞተች።
ማጨስ ክልክል ነው፤ ማውራት፣ ማሳል ክልክል ነው፤
ከፊት ሆኜ ሳልዞር፣ በኮቴ ነው የምቆጥራቸው።
ሊሮይ አንድ እግሩን ይጎትታል። ዴል ይቸኩላል፣
እኛ አንዴ ስንረግጥ እሱ ሁለቴ ይረግጣል።
ትንሹ ኦስመንድ፣ ጫማው ሰፍቶት ጋዜጣ የጠቀጠቀበት፣ ሲራመድ
ለስላሳ ነው፣ እንደ አመድ።
ስንመለስ ቆጠርኩ።
ደግሜ ቆጠርኩ።"

ስንት እንደ ደረሰ አልነገረንም፤
ማንም አልጠየቀውም።

ሎርና ሻንጣዋን ገለበጠች፤ ሌላ ከረጢት የላትም።
እኔ ወደ ኩሽና ሮጥኩ፤ ሾርባ ማወፈሪያ ስታርች አይጠፋም።
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ጓዱ የጠፋበት አሥር ካልሲ፣
አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ ተረከዙ የተበሳሳ፤
ሞላን፣ አፋቸውን ቋጠርን፣ አደልን፦
ለባሕር ኃይሉ መካኒክ፣ ለቬትናሙ ወጥ ቤት፣ ለክላይድ፣ ለነርሷ፣
ጣቶቿ በቁርጥማት ለተጣመሙት ለኢርማ፣ ለእኔም፤ ኢርማ በጦር ሆስፒታል ስንቱን ጣት የጠቀለለች ራሷ።

መብራቱን አጠፋን።
አርቪድ መራን።
"አንተ ጎትት። አንቺ ፍጠኚ።
ያ የመጨረሻው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሰምተሽ ተከተዪ።"

ክርሽ፣ ክርርርሽ፣ ክርሽ-ክርሽ፣
ከኋላ ደግሞ፣ በጣም ከኋላ፣ ሽሽ...

ማን እንደሆነ የሚጨምቀው ጠፋኝ፤
የራሴ እጅ እንኳ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ።
የአርቪድ ጣት በወንበሩ ክንድ ላይ ይወርዳል ይነሣል፤
አሥራ አንድ ላይ ቆመ።
"ሁሉም አለ" አለ። "በሩን ዝጉት፣ ይበርዳል።"

ድራማው ሳያልቅ ቀረ። የጠፋው ልጅ
ተገኘ አልተገኘ፣ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ወለሉን ልጠርግ ገባሁ፤
ነጭ ዱቄት ከዳር እስከ ዳር፣
በላዩ የጎማ መስመር፣ የምርኩዝ ነጥብ፣ የነጠላ ጫማ ዱካ፣
ሁሉም ወደ በሩ።
መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ።
ጠዋቱን ሙሉ አልጠረግሁም።