የመጠይቁ ጀርባ

ከደሴ የመጣ መነጽራም ልጅ ነው፣
አንድ ገጽ መጠይቅ እጄ ላይ የተወው።
«ሲስተር ጦይባ፣» አለኝ፣ «ስምሽ አይጻፍበት፤
የልብሽን ብቻ ምልክት አድርጊበት።»

ልጁ ሄደ፤ ጉም ገባ።
የኩታበር ጉም በር አያንኳኳም፤
በካርቶን የደፈንሁትን መስኮት ሾልኮ ይመጣል፣
እንደ ቤተ ዘመድ ከአልጋው ጫፍ ይቀመጣል።
መብራቱ ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን አነበብሁ፦

አንድ። ሰው በመርዳትሽ ደስ ብሎሽ ያውቃል?
በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።

ያውቃል እንጂ። ማክሰኞ ለት
እንድሪስ ይመር ሚስቱን በቃሬዛ ሲያመጣት፣
ልጁ በእግሩ መጣ፣ ጠቁሮ፣ ዝም እንዳለ፤
ጀርባውን አሸሁት፣ አሸሁት... እህ አለ።
ከዚያማ ጮኸ! እኔም አብሬው ሳቅሁ፤
የማን ሳቅ ነው ብዬ ዞሬ ደነገጥሁ።
ይኼ የቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል?

ዘጠኝ። የታካሚ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳሻል?

የቱን እንቅልፍ? በሁለት ቀን ሦስት ሰዓት፣
ጋውን እንደ ለበስሁ ወንበር ላይ የጣልሁት?
ሽታዬ ናት የምትቀሰቅሰኝ።
አምቡላንሱ ናፍጣ እስኪያገኝ፣
ደሟን በፎጣ፣ በነጠላ፣ በሁለት እጄ
ብይዘው፣ ብይዘው፣ እንቢ አለኝ።
እናቷ እጄን ይዘው «ደክመሻል ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።
ምነው በሰደቡኝ!
ያ ምርቃት ነው ሌሊት ሌሊት የሚያንቀኝ።

አስራ አራት። ሥራሽን ለመተው አስበሽ ታውቂያለሽ?

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካየን አራት ወር ሆነው።
ልጄ ሐያት በስልክ «እማ፣ የዛሬው አዳር የማን ነው?»
ስትለኝ፣ ኪሴ ገባሁ፤
ማመልከቻዬን ዳበስሁ፤
ታጥፎ ታጥፎ ጨርቅ መስሏል፣ ቀኑ እንኳ አልተሞላ።

እስኪርቢቶው «ብዙ ጊዜ» ላይ ሊያርፍ ሲል፣ በሩ ተመታ።

አስራ ዘጠኝ ዓመቷ። ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ብዥ ብሏል፤
ግፊቷ፣ ሁለቴ ለካሁት፣ መቶ ሰባ በመቶ አስር ይላል።
መርፌውን ወጋኋት። ሪፈር ጻፊ ብላት ነፍሴን፣
ቅጹ ካለቀ ሰንብቷል፤ ገለበጥሁት መጠይቄን።
በነጩ ጀርባ ላይ፣
«የመጀመሪያ እርግዝና፣ ስምንት ወር፤ ማግኒዥየም ወስዳለች፤ እባካችሁ ቶሎ» አልሁ፤
ከግርጌው ስሜን ጻፍሁ።

አምቡላንሱ ጉሙ ውስጥ ሰመጠ።

ጧት ልጁ ደወለ፦ «ሲስተር፣ ሞላሽልኝ?»
«ሞልቼ ልኬዋለሁ፤ ደሴ ነው፣ ማዋለጃ ክፍል ፈልግልኝ።
መልሴ ከጀርባው ነው።
ወረቀቱን ውሰደው።
ልጅቱን ግን፣ እባክህ፣ እንዴት አደርሽ በልልኝ፤
የምትመልስልህን ደውለህ ንገረኝ።»