ቡረቃ

ሬሆቮት፣ ቅርያት ሞሼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣
ማተሚያ ቤታችን ጠባብ፣ ሦስተኛው ሰው ደጅ የሚሆን፤
እዚያ ነው ሊሞር በእጇ ይህን ፊደል የሣለችው፣
በደረሰኝ ጀርባ፣ ሊያልቅ በደረሰ ብዕር የጫረችው፤
ስሙንም «ቡረቃ» አለችው።

ደግ ፊደል ነው፤ መስመር ግን አያውቅም፣
ቸ ቆቡን ወደ ጎን ጥሎ አንድ ቀን ቀጥ አይልም፤
መ መነጽር አድርጋ የጎረቤት ቃል ታያለች፣
ሐ እንደ ጉልቻ በሦስት እግሯ ተጎልታ ትቆይና
ሲሰለቻት ተገልብጣ «ሠ ነኝ እኮ» ትላለች።
ዐ ብርቱካን ናት፣ የዚሁ አገር ብርቱካን፣
ከሣጥን አምልጣ ቁልቁለት ካገኘች ማን ሊያቆማት፣ ማን!
«ይኼ ቀ ባንድ እግሩ ለምን ይንገዳገዳል?»
ብዬ ብጠይቃት፣ «ገና መቆም ጀመረ፤ ይለምዳል።»

ሥራም አላጣ፤ ከሕፃናት ማቆያው በር፣
ከልደት ጥሪ፣ ከአይስክሬም ጋሪ፣ ከፀጉር ቤቱ መስተዋት ዳር፤
ለሲግድ ባውቶቡሱ ግንባር «ኢየሩሳሌም» ብለን ብንለጥፍበት፣
ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሣ ፊደሉ ቀደመበት።
ዕብራይስጡ ከቀኝ መጣ፣ የኛው ከግራ ተነሣ፣
መሐል ላይ በትከሻ ተገፋፍተው
«ስሊኻ» ተባባሉ እንጂ ጠብ አልተነሣ።

ለማይሆነው ደግሞ አይሆንም። ሕግ ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፦
የመድኃኒት መጠን አይጻፍበት፣ «ሁለት ፍሬ» ሲል ፍሬው ሲዘል አይቻለሁ፤
የዕዳ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣
በደቃቁም አይታተም፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ያጣል መዘርጊያ፤
ከሁሉም በላይ ግን፣ ሁለቴ አስምሬበታለሁ፣
የሐዘን ማስታወቂያ።

በኅዳር፣ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ እናኑ መጡ፣
ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፤ ወንበር ሰጠሁ፣ አልተቀመጡ።
ታረቀኝ አረፈ፤ ያ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ የሚያስቅ፣
ያ እግሩን ማሽን ከጎዳው ወዲህ በገዛ አካሄዱ የሚሣለቅ።
ናሙና ዘረጋሁ፤ ረጋ ያለውን፣ ወፍራሙን፣ ቀጥ ያለውን፣
ሁሉን በጣታቸው አልፈው ነኩ ያን የሚንገዳገደውን።
«እማማ፣ ይኼ የልጆች ነው፤ ለእንዲህ ላለ ነገር አይሆንም።»
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ፤
«ይኼኛው ግን እሱን ይመስላል። ሌላው አይመስለውም።»

ማታ ብቻዬን ደረደርኩ። የሐዘንን ሐ ሳይ፣
ወረቀቱ ተዘቅዝቆ ኖሮ
ሠ ሆና ቆማለች፣ የሣቅ መጀመሪያ ላይ።

ጥቁሩን ክፈፍ በማስመሪያ አሰመርኩት፣ ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ደንቡ።
ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰዎች ቆመው ሲያነቡ፣
አንዷ ሣቀች፤ ደንግጣ አፏን በእጇ ሸፈነች።
ሕጌን ከግድግዳው አላወረድኩም፤ እዚያው አለች።
የታረቀኝ ስም ላይ ግን፣ የቀ እግር ጫፍ
ከክፈፉ ወጥታ ወደ መንገዱ ተሻገረች።